ጡሩንባ የማይሰማበት ቤት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ኩሽኔታው መጮኽ ጀመረ። መጀመሪያ ወፍ መስሎኝ ወጥቼ ዛፉን ሁሉ አንጋጥጬ አየሁ። ስመለስ ጩኸቱ የተርባይኑ ዘንግ ከሚሽከረከርበት ከኩሽኔታው ነው። ግራሶ ጨመርኩለት። ትንሽ ዝም አለና ብሶበት ቀጠለ። እንደ እኔ ነው፤ ሲያባብሉት ይብስበታል።

ወንፊቱን ደጋግሜ ጠረግሁ። ለቀማው ስለደረሰ ከላይ ካለው የቡና ማጠቢያ የሚወርደው ገለፈት የቱቦውን አፍ ይደፍነዋል። ዛሬ ከገለፈቱ ጋር አንድ የሕፃን ጫማ መጣ። ባለቤቱ ቢመጣ ብዬ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ማን ይመጣል!

ይህ ቤት ከመንደሩ በታች ገደሉ ሥር ነው። ውሃው በቦይ መጥቶ በቱቦ ቁልቁል ይወረወራል፣ ተርባይኑን ያዞራል፣ መብራቱ በሽቦ ሽቅብ ወደ መንደሩ ይወጣል። እኔ እዚሁ እቀራለሁ። የማመነጨውን መብራት ከዚህ ሆኜ አላየውም፤ ገደሉ ይከልለዋል። የማየው የመለኪያዋን መርፌ ብቻ ነው። መንደሩ ያልተጠቀመበት ኃይል ወደ በርሜል ገብቶ ውሃ ያፈላል። መርፌዋ በርሜሉ ምን ያህል እንደደረሰው ታሳያለች። ሰው መብራት ሲያበራ ትወርዳለች፣ ሲያጠፋ ትወጣለች። በእሷ መንደሩን አውቀዋለሁ። ወፍጮው መቼ እንደተነሣ፣ መስጊዱ ድምፅ ማጉያውን መቼ እንደከፈተ፣ ሰው እራቱን በልቶ መቼ እንደተኛ። አንዳንዴ ከመርፌዋ ጋር አወራለሁ። «ዛሬ ደግሞ ምን ነካቸው፣ በጊዜ ተኙ» እላታለሁ።

በዚህ ወረዳ የእኔን ያህል ሙቅ ውሃ ያለው ሰው የለም። አብሮኝ እግሩን የሚታጠብ ግን የለም።

ከሰዓት በኋላ አዴ ዘሃራ በቦዩ ዳር አለፉ። ቡናቸው ከቦዩ በላይ ስለሆነ ሲወጡ ሲወርዱ ያናግሩኛል። እንዲህ የሚያደርጉት እሳቸው ብቻ ናቸው። የዘይቱን ፍሬ በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡልኝ። ክፉኛ ያስሉ ነበር። «ሜ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ቤቴን እኮ አታውቂውም።»

«ሥራ ነው አዴ። ማሽኑን ትቼ የት እሄዳለሁ?»

«እንግዳ ብትሆኚ ትመጪ ነበር። እንግዳ ሲጠሩት ይመጣል። አንቺ እንግዳም አይደለሽ፣ ዘመድም አይደለሽ» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከሄዱ በኋላ ግን ዘይቱኑ አልዋጥልህ አለኝ።

ኩሽኔታው መቀየር አለበት። ነገ አጋሮ ሄጄ አመጣለሁ፣ ከነገ ወዲያ እቀይራለሁ። «ረቡዕ ቀኑን ሙሉ መብራት አይኖርም» ብዬ ጻፍኩና ነዚፍ ሱቅ በር ላይ ለጠፍኩ። ነዚፍ ባለሱቅም ነው፣ መብራቱን ያስገባው የመንደሩ ማኅበር ጸሐፊም ነው። ማኅበሩ ነው የቀጠረኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አጋሮ! ሰው! ኩሽኔታውን ለማግኘት ብዙም አልደከምኩም። የቀድሞውን ልክ በወረቀት ስዬ ይዤ ስለነበር ባለመለዋወጫው አንዴ አየና ከመደርደሪያ አወረደልኝ። ከዚያ በኋላ ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ ገበያውን ዞርኩት። የቡና ጆንያ የጫኑ መኪኖች መንገዱን ዘግተዋል፤ ባጃጁ ይጮኻል፣ ሰው ይጯጯኻል። አንድ ጆንያ የተሸከመ ሰው ገፍቶኝ አለፈና «ይቅርታ እህቴ» አለኝ። መገፋት ደስ ይላል ብል ማን ያምነኛል?

ጅማ ኮሌጅ ሳለሁ ሄርማታ ሰፈር ተከራይቼ እኖር ነበር። ያኔ ጫጫታው አላስጠና ይለኝ ነበር። ከየመስጊዱ የሚወጣው አዛን፣ ከግድግዳው ማዶ የሚጣሉት ባልና ሚስት፣ ከበሬ ፊት ለፊት ሽንኩርት የምትቸረችረው ሴትዮ። ዝምታ ናፍቄ ነበር። ይኸው አገኘሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለስኩ። ኩሽኔታው ጩኸቱን አብሶታል። ጥርስ ድረስ ይሰማል። ጥጥ ጠቅልዬ ጆሮዬ ውስጥ ወተፍኩና ለነገው የሚያስፈልገኝን አሰናዳሁ። የብሎን መፍቻ ኪያቤ፣ መዶሻ፣ ግራሶ፣ ዘይት፣ ጨርቅ።

ሊመሽ ሲል ግን መርፌዋ ወደቀች። ከታች ደረሰችና እዚያው ቀረች። በርሜሉ ምንም አልደረሰውም። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ቤት ሁሉ መብራቱን አብርቷል፤ ወፍጮውም በዚህ ሰዓት ተነሥቷል። ሠርግ ነው። በማክሰኞ ሠርግ? ይሁን፤ ለቀማ ነው፣ የሰው እጅ ለቀቅ ብሏል፣ ኒካህ ይሆናል።

ማንም አልጠራኝም። ለነገሩ ማን ብለው ይጠሩኛል? ወላጆቼ ደብረ ብርሃን፣ እኔ ገደል ሥር። ኢንጂነር ይሉኛል፣ ስሜ ሰብለ መሆኑን የሚያውቅ ስንት ሰው እንዳለ እንጃ። የሠርጉ መብራት የእኔ ነው፤ የሠርጉ እንጀራ ግን አይደርሰኝም። በሽሮ እራቴን በላሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጠዋት የቦዩን መዝጊያ ዘግቼ ውሃውን ወደ ወንዙ መለስኩት። ተርባይኑ ቀስ እያለ ቆመ። ዝም ሲል ያስፈራል። ወንዙ ብቻ ቀረ።

ለምን እዋሻለሁ፣ መዝጊያውን ስዘጋ ትንሽ ደስ ብሎኛል። ሠርገኞቹ ዛሬ ቢጨልምባቸው ምን አለበት አልኩ። ማስታወቂያውን ለጥፌያለሁ። መብራት የፈለገ «ለነገ አስተላልፊልን» ለማለት መንገዱን ያውቀዋል።

ረፋድ ላይ ከላይ የብዙ ሰው ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። የወንዙ ጩኸት እየቆራረጠው ምን እንደሆነ አልለየሁትም።

የድሮው ኩሽኔታ ዘንጉን ነክሶ አልወጣም አለ። ዘይት አፈሰስኩበት፣ ደበደብኩት፣ ለመንኩት፣ ሰደብኩት። አውራ ጣቴን በመዶሻ መታሁት። ከዚያ ደግሞ እግረ መንገዴን የማሽኑን ቀበቶ፣ ቺንጊያውንም ላጥብቀው ብዬ ብሎኑን ቆረጥኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ምትክ ብሎን ፍለጋ የብረት ሣጥኑን ሁሉ ገለበጥኩ።

መሸ። ሥራው አላለቀም። በባትሪ መቀጠል ሞከርኩ፣ ጣቴ እምቢ አለ። ነገ ይጠናቀቃል።

የገረመኝ ነገር ማንም አለመውረዱ ነው። ሌላ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ከጠፋ ነዚፍ ከገደሉ አፍ ላይ ሆኖ ይጣራል። ዛሬ አንድም ሰው አልተጣራም። ትዕግሥታቸው ደነቀኝ። ምናልባት ሥራዬን ማክበር ጀምረዋል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

እኩለ ቀን ላይ አዲሱን ኩሽኔታ በዘይት አሙቄ ዘንጉ ላይ አስገባሁት፤ ጥርቅ ብሎ ገባ። ውሃውን ለቀቅኩ። ተርባይኑ ዞረ፣ ድምፅ የለውም፣ ልስልስ ያለ ነው። እየጨፈርኩ እጄን ታጠብኩ፣ ፀጉሬን አሰርኩና ወደ መንደሩ ወጣሁ። ሳሙና ለመግዛት ብዬ ነው እንጂ እውነቱን ለመናገር ምስጋና ፍለጋ ነው።

መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሴቶች ሰላም ስላቸው ፊታቸውን አዞሩ። ነዚፍ ሱቅ በር ላይ ማስታወቂያዬ እንደተለጠፈ ነው። ነዚፍ ሳሙናውን ሳያየኝ አቀበለኝ።

«መብራት መጣ እኮ» አልኩት።

«አየነው።»

«ሠርጉ የማን ነበር?»

ቀና ብሎ አየኝ። መጀመሪያ የቀለድኩ መስሎት ነው መሰለኝ ዓይኑ ቀላ። ከዚያ «አልሰማሽም እንዴ?» አለኝ። «ምኑን?» ስለው «አዴ ዘሃራ እኮ ሞቱ። ማክሰኞ ዐሥር ሰዓት ላይ። ትናንት ጠዋት ቀበርናቸው» አለኝ።

«ሰኞ እኮ አግኝቻቸዋለሁ» አልኩት።

ነዚፍ የነገረኝን እንዳለ ልጻፈው። እድሩ ድንኳን ተክሎ አምፖል ሰቅሏል፤ ከሰርቦ ከተማ ድረስ ሰው መጥቷል። ለለቀስተኛው የሚሆን ዱቄት ማክሰኞ ማታ አስፈጭተው አልበቃቸውም፤ ረቡዕ ወፍጮው ቆመ። ማታ ድንኳኑ ውስጥ ሰው የተያየው በስልክ መብራት ነው። «ማስታወቂያውን አይተን ነበር። ግን ለቅሶ መሆኑን ሰምታ አታጠፋም አልን። ስታጠፊው ደግሞ ሰምታ ካጠፋችማ ምን ብለን እንለምናታለን አሉ። ሰው አኮረፈ። ወላሂ እኔም አኩርፌ ነበር።»

አልሰማሁም አልኩት። እንዳመነኝ አላውቅም። ዝቅ ባለ ድምፅ «ቅዳሜ እድሩ ይሰበሰባል። ሌላ ሰው ይምጣልን የሚሉ አሉ። ማኅበሩም እድሩም ያው አንድ ሰው ነው፣ ያሉት ይሆናል» አለኝ።

ሳሙናውን እዚያው ረስቼው መጣሁ።

የትናንቱን ገጽ አነበብኩት። «ቢጨልምባቸው ምን አለበት።» ልቀድደው ነበር፤ ተውኩት። የጻፍኩት እኔ ነኝ። በመርፌ ሰው አውቃለሁ ብዬ የምመጻደቅ እኔ፣ ለቅሶን ሠርግ ብዬ አነበብኩ። ሰኞ ዕለት ሲያስሉ እንኳ ሐኪም ቤት ሄዱ ወይ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። አዴ ዘሃራ፣ ይቅር በሉኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን ነጭ ለብሳ ወጥታለች። ስልክ የሚሠራበት ኮረብታ ድረስ ወጥቼ እንኳን አደረሰሽ ልላት ደወልኩ፣ እንባዬ ቀደመኝ። ሁሉንም ነገርኳት።

«ለቅሶ ቤት ሄደሻል?» አለችኝ።

«እንዴት ብዬ እማዬ? በምን ዓይኔ?»

«ሰው ሞቶብሽ እኔ ጋ ስልክ ትደውያለሽ? የሐዘን ቤት በር አይዘጋም። ይስደቡሽ። ስድቡንም ቁጭ ብለሽ ስሚ» ብላ ዘጋችው። እናቴ ስታዝንልኝም የሚቀድማት ቁጣ ነው።

ሄድኩ። ከጁምዓ ሰላት በኋላ። ባዶ እጄን እንዳልገባ ስኳር ገዛሁ። ነዚፍ ያንኑ የረሳሁትን ሳሙናም አብሮ ሰጠኝ፤ ሳሙና ይዤ ለቅሶ ገባሁ።

ድንኳኑ ደጅ ወንዶቹ ተቀምጠዋል። እግሬ ቤቱን ከዚያ በፊት ረግጦት አያውቅም። ግድግዳው ሰማያዊ ነው፤ በሩ ላይ ቡና የሚለቀምበት ቅርጫት ተሰቅሏል። አዴ ዘሃራ ይህን ሁሉ ወራት ነይ ሲሉኝ የነበረው እዚህ ነው። ከሴቶቹ መካከል ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልኩ። አንዲት ባልቴት «አሚን» አሉ፤ ሌሎቹ አልመለሱም።

የአዴ ዘሃራ ልጅ ራሕመት ከማዕዘኑ አየችኝ። በእኔ ዕድሜ ነች። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ረቡዕ ማታ የሩቅ አገር ሰው ሁሉ መጣ። እያቀፈኝ ያለቅሳል። ፊቱን አላይም። ማን እንደመጣልኝ፣ ማን እንደቀረብኝ እስካሁን አላውቅም» አለችኝ። «እናቴ ዘይቱን እየቋጠረች ትሄድልሽ ነበር። አንቺ ደግሞ መብራቷን ነሳሻት።»

መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ማስታወቂያው፣ ኩሽኔታው፣ ብሎኑ። ሁሉንም ተውኩት። «አልሰማሁም» አልኩ። «ማንም አልነገረኝም። የሚነግረኝ ሰው የለኝም።» ይህን ያልኩት ለማሳዘን አይደለም፤ ሲወጣ ለራሴም አዲስ ሆነብኝ። ከዚያ አለቀስኩ። ለእሳቸው ይሁን ለራሴ አልለየሁትም።

ከደጅ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ መጣ። አባ ጊዲ ናቸው፣ የእድሩ ጡሩንባ ነፊ። «እንዴት አልተነገረሽም?» አሉ። ተቆጥተዋል። «ማክሰኞ ዐሥራ አንድ ሰዓት ከገደሉ አፍ ላይ ቆሜ ነፋሁ። በዚያ በኩል ሌላ ቤት የለም። ለአንቺ ብዬ ነው እዚያ ድረስ የሄድኩት። በዚህ ጉልበቴ!»

ማክሰኞ ዐሥራ አንድ ሰዓት። ኩሽኔታው እየጮኸ ነበር። ጆሮዬ ጥጥ ተወትፎበት ነበር።

«አባባ፣ ማሽኑ ይጮኻል፤ ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜው ነበር» አልኩ። ባልቴቲቱ ከንፈራቸውን መጠጡ። አባ ጊዲ ደጅ ሆነው «ታዲያ የነፋሁት ለወንዙ ነው?» ሲሉ ሰማኋቸው።

ራሕመት እስክወጣ አላናገረችኝም። ስኳሩን ግን ሰዎች ተቀብለውኛል። ሳሙናውን ይዤ ተመለስኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

እድሩ ከዐስር ሰላት በኋላ ይሰበሰባል። አልተጠራሁም።

ቀኑን ሙሉ ወንፊት ጠረግሁ። ንጹሑን ሁሉ መልሼ ጠረግሁት።

ቢያባርሩኝ ምን አጣለሁ ብዬ አሰብኩ። ጅማ እመለሳለሁ። ሥራ እፈልጋለሁ። ሰው ያለበት ቤት እከራያለሁ። እርጥበት የማይበላው ልብስ ይኖረኛል። ይህን ሁሉ ወራት ስመኘው የነበረው ይኸው ነው። አሁን ግን መሄድ አልፈልግም። እዚህ ያለችኝ አንዲት ሰው ሞታ እንኳ መሄድ አልፈልግም። ከዚህ እንዲህ ሆኜ ብሄድ ለቅሶ ላይ መብራት ያጠፋችዋ ሴትዮ ሆኜ እቀራለሁ፤ ስሜን ያላወቀው ሁሉ በዚያ ያውቀኛል። ይህ ነው ያስፈራኝ።

አዲሱ ኩሽኔታ ዝም ማለቱ ዛሬ ከበደኝ። ጆሮዬን ወደ ገደሉ አፍ አቁሜ ዋልኩ፤ ቢጣሩ እሰማለሁ። አልተጣሩም። መርፌዋ እንደወትሮዋ ወርዳ ወጣች። ምን እንደወሰኑ እሷ አትነግረኝም። ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር አወጣሁት፣ አቧራውን ጠረግሁና መልሼ አስገባሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ጠዋት ሰው ወረደ። አባ ጊዲ ናቸው፣ በዱላ ተደግፈው፣ በዚያ ቁልቁለት። ደንግጬ በርጩማ አወጣሁ። አልተቀመጡም። ማሽኑ ድምፃቸውን እንዳይውጠው ነው መሰለኝ ጮኸው ተናገሩ።

«እድሩ ቀጥቶሻል!»

«ምን?»

«ተቀጥተሻል! ለቅሶ የቀረ ይቀጣል። ደንብ ነው። የእድሩን ድስትና ሳህን ሁሉ አጥበሽ ዕቃ ቤት ትመልሻለሽ። ዛሬውኑ!»

ደሜ ፈላ። ሌሊቱን ሙሉ የፈራሁት መባረርን ነው፤ ይሄ ደግሞ ንቀት መሰለኝ። አባባ፣ እንዲህ አይባልም አልኳቸው። ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ የሆነውን ተናግሬያለሁ። «ደግሞ እኔ የእድራችሁ አባል አይደለሁም። አባል ሳልሆን በምን ደንብ ትቀጡኛላችሁ?»

አባ ጊዲ ዱላቸውን ተክለው ቆሙና ጥርሳቸው ታየ።

«አባል ያልሆነን ማን ይቀጣል?» አሉ። «የውጭ ሰው ይታማል እንጂ አይቀጣም።»

ለእሳቸው ያወጣሁት በርጩማ ላይ እኔው ተቀመጥኩ። አባ ጊዲም አልቸኮሉም። ትናንት ሌላ ሰው ይምጣ የሚለው ተነሥቶ እንደነበር ነገሩኝ። አንዱ ተነሥቶ «ቅጣቷን ሳትጨርስ የት ትሄዳለች?» ብሎ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ነገሩ በዚያው አለፈ። «ደግሞ ከእንግዲህ ጡሩንባ ለገደል አልነፋም። ሰው ሲሞት ሰው እንልክብሻለን። ስትመጪ ሙቅ ውሃ ይዘሽ ነይ፤ በርሜል ሙሉ አለሽ ተብያለሁ» አሉና ዳገቱን ያዙ። ልሸኛቸው ብል ከለከሉኝ።

ሙቁን ውሃ በጄሪካን ተሸክሜ ወጣሁ፤ ሁለቴ ተመላለስኩ። ድንኳኑ ፈርሷል። ከአዴ ዘሃራ ቤት ጓሮ ድስቱ ተከምሯል፤ ጉልበቴ ድረስ የሚደርስ ጎላም አለበት። ጥቂት ሴቶች አብረውኝ ተቀመጡ። ከመካከላችን የተቀጣሁት እኔ ብቻ ነኝ ወይ ብዬ ስጠይቅ አንዷ «እኔ ዘግይቼ መጥቼ ነው» አለች፤ ሳቅን። ሙቁን ውሃ አመሰገኑት። ስለ ኩሽኔታው ጠየቁኝ። ምን እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ «ጉልበት ላይ ያለው አጥንት ነው» አለች አንዷ፤ እሷ ካለችው የተሻለ አላገኘሁም።

ሰብለ መባሌን ነገርኳቸው። አንዷ «እናውቃለን እኮ፣ አዴ ዘሃራ ሰብሌ ስትል ነበር የምትውለው» አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ ሳህን ማጠቤን ቀጠልኩ።

ራሕመት ከቤት ብቅ ብላ እየታጠበ ያለውን ማየት ጀመረች። አሁንም ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። የታጠበውን ድስት አንድ በአንድ እያነሣች ወደ ፀሐይ ታዘነብላለች፣ ውስጡን ታያለች፣ ትደረድራለች። የእኔ ተራ ደረሰ። ጎላውን አነሣች፣ አየችው፣ በጣቷ ሥሩን ፋቀችው። ከዚያ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው።

«ይሄ አልጸዳም» አለችኝ። «ድገሚው።»

ደገምኩት።